ጋሽ ሰይድ የልጅ ልጃቸውን ሊሰሙ የሄዱ ቀን

ይህ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መኪኖች እንደ ድሮው ሙሉ ሰው እንዲጭኑ ገና መፈቀዱ ነበር። ከዚያ ወራት ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ማስክ ማድረግ መቼ እንደተውኩ እንኳ ትዝ አይለኝም። ያን ቀን አዳማ መናኸሪያ ያገኘኋቸውን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

እኔ አርሲ ነገሌ የማስተምር መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳማ እናቴ ቤት ገባሁና ከእሷ ጋር ተከተትኩ። እናቴ አስም አለባት። ከገበያ የመጣ ሽንኩርት ሳይቀር በሳሙና የምናጥብ ሰዎች ነበርን። ጎረቤት ሲመጣ በመስኮት ነበር የምናነጋግረው። ወራቱ እንዲህ አልፎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቴ ተደወለ፤ መምህራን ለዝግጅት ግቡ ተባለ።

እናቴ "ሂጂ እንጂ፣ ሥራሽ አይደል" አለችኝ። እኔ የፈራሁት መሄዱን አልነበረም፤ መመለሱን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ካልመጣሁ ማን ያያታል? ከመጣሁስ ምን ይዤባት እመጣለሁ?

መናኸሪያው እንደ በዓል ዋዜማ ይተራመሳል። ግማሹ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶታል። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። አንደኛው ውስጥ የሚያስል ሰው ነበረ፤ ሁለተኛው መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሦስተኛውን ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጥቁር መነጽር፣ የተተኮሰ ግራጫ ኮት፣ አፍና አፍንጫቸውን በደንብ የሸፈነ ማስክ፣ ትከሻቸው ላይ ትልቅ ቦርሳ። ዓይነ ስውር ናቸው። በአንድ እጃቸው ነጭ ዘንግ ይዘዋል፤ በሌላው ደግሞ አንድ ሜትር የምትሆን የተቆረጠች አረንጓዴ የውሃ ጎማ።

"ነገሌ የሚሄድ ሰው አለ?" አሉ ጥርት ባለ ድምፅ።

ተራ አስከባሪው ሮጦ ክንዳቸውን ጨበጠ። "አባባ! ይምጡ፣ እኔ አስገባዎታለሁ!"

ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁት። "ተባረክ ልጄ። ግን አንተ ስንቱን ሰውና ሻንጣ ስትይዝ ነው የምትውለው። የምትመራኝ ከሆነ ይህችን ያዝ" ብለው የጎማዋን ጫፍ ዘረጉለት።

የቆመው ሰው ሳቀ። ተራ አስከባሪውም "ኮሮና እኮ ሄዷል፣ አባባ!" ብሎ ወደ ሌላ መንገደኛ ተፈተለከ። ጎማዋ እንደተዘረጋች ቀረች።

እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ቶሎ አልተንቀሳቀስኩም። ጎማውን ማን ማን ነክቶታል ብዬ እያሰብኩ ነበር። ኋላ ግን አፈርኩና "እኔም ወደ ነገሌ ነኝ፣ አባባ" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "እግዜር ይስጥሽ" እንዲሉኝ ስጠብቅ እርሳቸው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ያረጀ ወይም የታመመ ሰው አለ?"

"እናቴ አለች። አስም አለባት።"

"እንግዲያው አንቺ አትሆኚም። ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ" አሉና ዘወር አሉ።

ክው አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ማን በሽታ ያስይዘኝ ይሆን እያልኩ ሰውን ሁሉ በጥርጣሬ ሳይ ነበር። እኚህ ሰው ግን እኔን እንኳ ሳያውቁ ለእናቴ አሰቡላት። ተከትያቸው ሄጄ የጎማዋን ጫፍ ያዝኩ።

"እናትሽስ?" አሉ።

"ጎማው ረጅም ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ከኪሳቸው ሳኒታይዘር አውጥተው እጄ ላይ አንጠባጠቡልኝ።

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ወሎ ተወልደው አዳማ ያረጁ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥንና መስኮቱን ከፈትነው።

ሞጆን አልፈን ወደ መቂ መንገድ ስንታጠፍ ከኋላችን ከልጃቸው ጋር የተቀመጡ አንዲት እናት ተቆጡ። "ኧረ መስኮቱን ዝጉት! ብርድ ሊመታኝ ነው!"

ሌሎችም ተቀበሏቸው። ሹፌሩም "ዝጉላቸው እንጂ" አለ። እጄ ወደ መስኮቱ ሄደ። መኪና ውስጥ በመስኮት የተጣላ ሰው እንዴት እንደሚጨቃጨቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ሰይድ ዞር አሉ። "እመቤት፣ ንፋሱ የትዎን ነው የሚያምዎት?"

"ጆሮዬን ነዋ!"

"አይፍረዱብን። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ይህች ልጅ ደግሞ የታመመች እናት አለቻት። መስኮቱ ከተዘጋ አሥራ ምናምን ሰው አንድ አየር ሊተነፍስ ነው። መቂ ላይ ሲቆም እንቀያየር። እርስዎና ልጅዎ እዚህ ይምጡ፤ ንፋሱ የሚመታው ከኋላ ያለውን ነው፣ እኛ እንመታለን።"

መቂ ላይ ተቀያየርን። ቲማቲምና ፓፓያ የያዙ እጆች በመስኮቱ ገቡ፣ ሴትዮዋ ፓፓያ ገዝተው ለጋሽ ሰይድ አንድ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ካፊያ ሲጀምር እንኳ መስኮቱን አልዘጉትም። ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ነገሌ ድረስ ሄዱ።

እኛ ኋላ ንፋስ እየገረፈን ወሬ ጀመርን። አንዲት ልጃቸው ሀያት ነገሌ አግብታለች። ሁሉ ነገር በተዘጋባቸው ወራት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሕፃኗን ማንም ከእሳቸው ወገን ሄዶ አላያትም።

"ሦስት ጊዜ ልሄድ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ቀርቻለሁ" አሉኝ። "ሐኪሜም አይሂዱ ብሎኝ ነበር። እኔ ብያዝ ላልተርፍ እችላለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ይህ ነገር መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ በራሴ ላይ ያለውን አደጋ ወስጄ መጣሁ። በሕፃኗ ላይ ያለውን ግን መውሰድ አልችልም፣ የእኔ አይደለም። ሄጄ አልነካትም።"

"ካልነኳትማ በስልክ ድምጿን መስማት አይሻልም?" አልኳቸው።

"በስልክ ሰምቻታለሁ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ላይ ነበርኩ ልጄ። በስልክ ሁሉም ሰው አንድ ቁመት ነው። ስታለቅስ ድምጿ ከእናቷ ደረት ይምጣ ከትከሻዋ፣ ትንሽ ትሁን ትልቅ፣ አላውቅም። ያንን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።"

ባቱን፣ ቡልቡላን እስክናልፍ ድረስ ማስኬን አስተካክዬ ውጭ ውጩን አየሁ።

ነገሌ ስንደርስ የሀያት ቤት ከእኔ ኪራይ ቤት ብዙ ስለማይርቅ እስከ በሩ መራኋቸው። ሀያት ከቤት ስትወጣ አየቻቸው። "አባዬ!" ብላ እየሮጠች መጣች።

"እዚያው ቁሚ!" አሉ። እንደዚያ ይጮኻሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ሀያት ግቢው መሀል ቀጥ አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። እርሳቸው ግን ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

ባሏ ወንበር አምጥቶ በሩ አጠገብ አኖረላቸው። ሀያት ሕፃኗን ይዛ ወጣች። ተኝታለች። "አባዬ፣ እጅህን ታጠብና ዳስሳት፣ ምንም አትሆንም። ሰው ሁሉ ይነካት የለ" እያለች ቀረበች።

ጋሽ ሰይድ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። "ከአምስት እርምጃ በላይ አትቅረቢ።"

"እሺ ልቀስቅሳት?"

"አትቀስቅሻት። ለመጠበቅ ነው የመጣሁት።"

ጠበቅን። እኔም ሻንጣዬን አስቀምጬ ቆምኩ፤ መሄድ ነበረብኝ፣ ግን አልቻልኩም። ረጅም ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ሕፃኗ አስነጠሰች። በዚያ ሰሞን ሰው ሲያስነጥስ የማይደነግጥ አልነበረም፤ እኛ ግን አራታችንም ሳቅን። ቀጥላ አለቀሰች።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። "ወደ ግራ ሂጂ" አሏት ልጃቸውን። ሄደች። "አሁን ወደ ቀኝ። አሁን ወደ ትከሻሽ ከፍ አድርጊያት። ቁጭ በይ።" ፊታቸው ድምፁን እየተከተለ ከወዲያ ወዲህ ይዞራል። ከመነጽራቸው ሥር እንባ ወረደ፤ እጃቸው ከጭናቸው ሥር ስለነበረ አልጠረጉትም።

"ትልቅ ልጅ ናት" አሉ። "በስልክ ትንሽ መስላኝ ነበር።"

ሀያት ተመልሰው የሚሄዱ መስሏት "ዛሬውኑማ አትሄድም" ብላ መለመን ጀመረች። ያኔ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የራሳቸውን ሳህንና ኩባያ፣ አንሶላና መድኃኒት ይዘው መጥተዋል። "ጓሮ ያለችው ክፍል ባዶ ናት ብለሽኝ የለ? አሥራ አራት ቀን እዚያ እቀመጣለሁ። ምግቤን በር ላይ አስቀምጪልኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደኅና ከሆንኩ እይዛታለሁ።"

እኔም በመንገድ ላይ ያልወሰንኩትን እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ወሰንኩ። ለአክስቴ ደውዬ እናቴ ቤት ገብታ እንድትቆይ ለመንኳት። በየሳምንቱ መመላለሱን ትቼ ነገሌ ተቀመጥኩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል አለፍኩ። ሀያት ጠርታኝ ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ተላጭተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ተቀምጠዋል። ሀያት ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጆሮዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሀያት፣ ይህ እኮ የእናትሽ ጆሮ ነው" አሉ።

እናቴ ከዓመት በኋላ በኮሮና ታማ ነበር፤ ተርፋለች። ከእኔ ይሁን ከሌላ ሰው እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰው የቻለውን ያህል ተጠንቅቆም ሊያመልጠው እንደሚችል ከዚያ ገባኝ። ጋሽ ሰይድን ማድነቄ ግን በዚህ አልቀነሰም። በዚያ ሰሞን አንዳንዱ ምንም የለም ብሎ ይተቃቀፍ ነበር፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ሰውን ሁሉ ይሸሽ ነበር። እርሳቸው ከሁለታችንም አልሆኑም። የራሳቸውን አደጋ ለራሳቸው ወሰዱ፤ የሌላውን ግን ጠይቀው ነበር የሚነኩት።

አሁን ጉንፋን እንኳ ይዞኝ ሰው ቤት ስሄድ በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ፣ ግቢ ካሉኝ እገባለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሳቅ።