ከሐፊት ተራራ ሥር የሰማሁት ቃል

ይህ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ አቡዳቢ ሰው ቤት በምሠራበት ጊዜ ነው። አሁን አገሬ ገብቼ ደሴ ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከዓረብ አገር ኑሮዬ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ልርሳው ብዬ የረሳሁትም አለ። ያቺ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከልቤ አልወጣ ብላለች።

ስሜ ትርንጎ ነው። የምሠራበት ቤት አል ፈላሕ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቤት አልወጣሁም። ማዳም ሞዛ አስተማሪ ናት። ቁጡ ናት፤ ግን ክፉ አይደለችም። ሐማድን ስረከበው ገና መዳህ መጀመሩ ነበር። እህቱ ሸማ ደግሞ እጄ ላይ ተወለደች ማለት ይቻላል። ስሜ አልያዝላቸው ብሎ «ቲንጎ» ይሉኛል። እርስ በርስ የሚጣሉት በእንግሊዝኛ፣ እናታቸውን የሚለማመጡት በዓረብኛ ነው፤ ሲርባቸው ግን በአማርኛ ይመጣሉ። «ቲንጎ፣ ራበኝ!» የምትለዋን ሁለቱም አሳምረው ያውቋታል።

የዚያ ቤት ደስታ ቅዳሜ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አል ዓይን ከተማ እንሄዳለን። እኔ በጠዋት ተነስቼ ምንጣፉን፣ የሻይ ቴርሞሱን፣ ብርቱካኑንና የሸማን ቅያሪ ልብስ አዘጋጃለሁ። አባትየው መኪናውን አስነስቶ ክላክስ እያደረገ ያስቸኩለናል። መንገድ ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት በር ቆመን፣ ከመኪና ሳንወርድ፣ በወተት የፈላውን ከረክ ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ አሸዋ ነው። ልጆቹ ግመል ቀድሞ የማየት ውድድር አላቸው። ሸማ ግመል ካጣች ዛፉንም ግመል ነው ብላ ድርቅ ትላለች።

መጀመሪያ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር፣ የማዳም እናት ቤት ገብተን ምሳ እንበላለን። ከምሳ በኋላ የሚኬደው ልጆቹ የመረጡት ቦታ ነው። አንዳንዴ አሸዋ ላይ ለመንሸራተት እንወጣለን፤ አንዳንዴ የቴምሩ እርሻ ውስጥ ጥላ ለጥላ እንሄዳለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ሐፊት ተራራ ነው። እኔም የምወደው ተራራውን ነበር። መጀመሪያ ቀን ሳየው ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ሆነብኝና «ሳሩን ምን ጋጠው?» ብዬ ማዳምን አስቄያታለሁ። መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ሲወጣ የኛን የሐረጎን ዳገት ቁርጥ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምወጣ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ቅዳሜ ሲመጣ ሆዴ ይባባ ጀመር። ልገባ ነው። ደሴ እህቴ ጋ የተውኳት ልጄ ሀያት አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ቶሎ ለአክስቷ ማቀበል ጀምራለች። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ለማዳም ነገርኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ በኋላ ቲኬቱ ተቆረጠ። ሁለት ሳምንት ቀረኝ።

«ለልጆቹ ምንም እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ሲሄዱ ትወጫለሽ። ሲመለሱ ገበያ ሄዳለች እላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ ይረሱታል። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው።»

እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ለነሱ አስቤ አይደለም። የሐማድን ፊት ማየት ፈርቼ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና እንደ ልማዳችን ሄድን። የዚያን ቀን ወደ ላይ አልወጣንም። ከተራራው ሥር ፍል ውሃ የሚፈስበት ሣር የለበሰ መናፈሻ አለ። ሰው ምንጣፉን ያነጥፍና እግሩን ቦዩ ውስጥ ነክሮ ይውላል። እኔ ብርቱካን እልጣለሁ። ከጎናችን አንድ ወጣት አባት፣ ነጩን ረጅም ቀሚስ፣ ካንዱራውን፣ እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጁን በውሃው ዳር ያሯሩጣል። ሚስቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

ልጁን እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተውና በጉልበቱ ተደፋ።

አባትየው ዘሎ አነሳው። ደረቱ ላይ ለጥፎት ጉልበቱን እያሸ፣ «እኔን! እኔን! እኔን!» አለው።

የአገሬ ልጅ ከኋላዬ ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ሰውየው የልጁን ግንባር እየሳመ አሁንም «እኔን» አለ። የዓረብ ምላስ የለበትም። የኛ እናቶች የሚሉት ዓይነት፣ ከአንጀት የሚወጣ «እኔን» ነው።

የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኖ የማያውቁትን ወንድ ማናገር ነውር ነው፤ ያውም ማዳም አጠገብ። ግን ሳላስበው ተነስቼ ፊቱ ቆሜያለሁ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጁን ምን አልከው?» አልኩት በዓረብኛ።

ግራ ገባው። «ምንም አላልኩትም።»

«‹እኔን› ብለኸዋል።»

ሚስቱ ሳቀች። «እሱ ሁልጊዜ እንደሱ ነው የሚለው። ከየት እንዳመጣው እናቱም አታውቅም።»

«ቃል እኮ አይደለም» አለ እሱ። «ልጅ ሲወድቅ የሚባል ነገር ነው። እኔም ስወድቅ እንደዚያ ነበር የምባለው።»

«ቃል ነው» አልኩት። «አማርኛ ነው። ባንተ ፈንታ እኔን ይመመኝ ማለት ነው።»

ሰውየው ልጁን እንዳቀፈ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሙሉ ናት» አለ።

ስሙ ማጂድ ነው። ያደገው እዚያው አል ዓይን፣ ዛኸር ሰፈር ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ቤተሰቡ በፓስፖርቷ ስም መርየም ይላታል። ለሱ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ «እውነተኛ ስሜ ሙሉ ነው» ብላዋለች። ሰባት ዓመቱ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሏ ክፍት ሆኖ፣ አልጋዋ ላይ ባዶ ፍራሽ ብቻ ቀርቶ አገኘው።

«ገበያ ሄዳለች አሉኝ» አለ። «አንድ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። በዚያ ቀን ጠዋት ወተት ልብሷ ላይ ደፍቼባት ነበር። በሱ ተናዳ የሄደች መሰለኝ። ትልቅ ልጅ ሆኜም እንደዚያ ነበር የማስበው።»

ሚስቱ መሳቋን ትታ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ለካ እሷም ሰምታው አታውቅም።

ዞር ስል ማዳም ሞዛ ከኋላዬ ቆማለች። የላጥኩላት ብርቱካን በእጇ ነው፤ አልበላችውም።

«ልታገኚያት ትችያለሽ?» አለኝ ማጂድ።

አገሬ ሰፊ ነው፣ ሙሉ የምትባል ሴት ደግሞ ስንት አለች ልለው ነበር። ግን የሰውየው አጠያየቅ እምቢ አያሰኝም። «እሞክራለሁ» አልኩ። ማዳም ራሷ ስልኳን አውጥታ የሚስቱን ቁጥር መዘገበች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ልጆቹ ተኝተዋል። በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ ማድቤት መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ትርንጎ፣ እንዴት ብለን ነው የምንነግራቸው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የመጨረሻዬ በሆነችው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ወጥተን ነገርናቸው። ጥሩ ቀን አልነበረም። ሸማ «አገርሽ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። ፀሐይ ወደምትገባበት አሳየኋት። «ከዚህ አይታይም» አለች። ሐማድ ግን «መቼ ነው የምትመለሺው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልመለስም፤ እኔም ልጅ አለችኝ» ስለው የያዘውን ጭማቂ መሬት ላይ ወረወረው።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። ያበሰልኩትን አልበላም አለ። ማዳም «አየሽ?» የምትል እየመሰለኝ ተሳቀቅኩ። በአራተኛው ቀን ሻንጣዬን ስዘጋ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«በአማርኛ ‹በጣም ተናድጃለሁ› እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ነገርኩት። ሁለት ሦስቴ ለራሱ ተለማመደና ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ቲንጎ፣ በጣም ተናድጃለሁ» አለኝ።

«እውነትህን ነው፣ የኔ ጌታ» አልኩት። ያኔ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ኤርፖርት ድረስ አብረውኝ መጡ። ስንላቀስ ሰው ቆሞ እስኪያየን ድረስ ነበር። ቢሆንም ተሰነባብተን ተለያየን።

ደሴ ከገባሁ በኋላ ነገሩን አልተውኩትም። ማጂድ ከእህቱ አልበም ያገኘውን ፎቶ ከስልክ ቁጥሩ ጋር በማዳም በኩል ላከልኝ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ጉንጩ የሞላ ሕፃን አዝላ የተነሳችው ነው። ዓረብ አገር ያሉ የአገር ልጆች የሚገናኙበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አምስት ወር ምንም የለም። አንድ ቀን ሻርጃ የምትሠራ ልጅ መልእክት ላከችልኝ። «ይቺ እኮ አክስቴ ናት። ኮምቦልቻ ነው ያለችው» ይላል።

ሳቄ መጣ። ከኔ ቤት ተነስቶ ኮምቦልቻ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው።

ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ሃምሳን አለፍ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አዩት።

«ማጁዲ» አሉ። «ማነሽ አንቺ ልጅ? ይህን ከየት አመጣሽው?»

ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልሰናበተው ብዬ ለምኜ ነበር። ልጁ ያለቅሳል አሉኝ። መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዱኝ» አሉ።

እዚያው ቆሜ በምስል ደወልኩለት። ጺሙን ያስረዘመ ጎልማሳ ብቅ ሲል እትዬ ሙሉ ደነገጡ፤ የጠበቁት የሰባት ዓመቱን ልጅ ነው መሰለኝ። የሳቸው ዓረብኛ ጠፍቷል። እሱም አማርኛ አይሰማም። እኔ ላስተርጉም መሐል ቆምኩ። ለረጅም ጊዜ ግን የሚተረጎም ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

በኋላ እትዬ ሙሉ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ጆሮው ዳነ ወይ በይልኝ» አሉ። «ያን ሰሞን መግል ይዞት ነበር። ጠብታውን በቀን ሦስቴ የማደርግለት እኔ ነበርኩ። ማን አደረገለት ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ከነከነኝ።»

ነገርኩት። ማጂድ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዞረላቸው። እትዬ ሙሉ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ተመስገን» አሉ።

የዚያን ዕለት ሐረጎን ስወጣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። የሰው ልጆች ተሰናብቼ መጣሁ። የራሴን ልጅስ? ሀያትን የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ጥያት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ፣ ተኝታ ሳለች፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ቤት ስደርስ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሀያቴ፣ ያን ጊዜ ስሄድ ያልቀሰቀስኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

ከደብተሯ ቀና አላለችም። «ተኝቼ አልነበረም እኮ» አለች።

«ምን?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ አልተኛሁም። ሻሽሽን ስታስሪ አይቼሻለሁ። ከተነሳሁ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው።»

እስክሪብቶዋን ከእጇ ወስጄ አቀፍኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ ያልኳት ያኔ ነው። ቆይታ እሷም አቀፈችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ከሱቅ ስደውልላት ስልኩን ለአክስቷ አታቀብልም።

ያን ሰው ፍል ውሃው ዳር ባላገኘው ኖሮ ይህን ሳልጠይቃት እንኖር ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። አሁን ሀያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስወጣ፣ የቱንም ያህል በማለዳ ቢሆን፣ ቀስቅሼ ስሜያት ነው የምሄደው። «ኧረ እማ፣ ልተኛበት!» ብላ ብርድ ልብሱን ትከናነባለች። ትቆጣኝ። እኔ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ።