ባሕር በሳፋ፣ ቃል በአስተርጓሚ

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር አድጌ ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እውነት ነው። እኛ አገር ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ጨው ያለበትን፣ ማዶው የማይታየውን ባሕር ግን እንኳን እኔ አባቴም አላየውም። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ አርባ ምንጭ ተመድቤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ስለ ባሕር ዳርቻ ሳስተምር የኖርኩት። የባሕር በር በሌለው አገር፣ ባሕር ያላየች መምህርት! እግዜር ያሳያችሁ።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ አብራራለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ ያብራራሁትን እርስ በርሳቸው በጋሞኛ ይመክሩበታል። በሦስት ቋንቋ ዞሮ የሚደርስ ሞገድ ምን ጉልበት ይቀረዋል? ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀስት እያሰመርኩ፣ ሞገዱ ከዚህ ሸርሽሮ እዚያ ወስዶ ያከማቻል ስል ከኋላ «አባ፣ አባ» ይባባላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ቄስ የሚያወሩ መስሎኝ «የየትኛው ደብር አባ ናቸው?» ብዬ ክፍሉን በሳቅ ፈጀሁት። ለካ በጋሞኛ ሐይቁም ባሕሩም «አባ» ነው። ይህን ያስረዳችኝ ጓደኛዬ ናት።

ጓደኛዬ የጨንቻ ልጅ ናት፤ እንደ እኔው የጂኦግራፊ መምህርት። እኔ አንዱን ክፍል ስይዝ እሷ ከጎኑ ያለውን ትይዛለች። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፣ እሷ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ረቡዕና ዓርብ ግን እኔ ስለምጾም እሷም ቅቤ ያልነካው ኩርኩፋ ይዛ ትመጣለች፤ የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለውን። ከአንድ ሳህን እንበላለን። «አንቺ ስትጾሚ እኔ ሥጋ ብበላ በጉሮሮዬ አይወርድም» ትለኝ ነበር። እህት የለኝም፤ እሷን እህቴ ብዬ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፣ ለእኔ የተተረተ ግን አልመሰለኝም።

ቀስት ማስመሩ ሲሰለቸኝ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ተሸክሜ ክፍል ገባሁ። ቤት ከሚሠራበት ደጅ አሸዋ ለምነን በአንድ ወገን ቆለልን። ከሴቻ ዳገት በመጣ ቀይ ጭቃ ደግሞ ወደ ውሃው የገባ አፍንጫ አበጀን። አንዷ ልጅ የድስት ክዳን ይዛ ውሃውን ገፋ ገፋ ስታደርግ ሞገዱ ሄዶ ጭቃውን ይልሰዋል፤ አሸዋው ወደ ጥጉ ይሸሻል። «ቲቸር፣ በላው! በላው!» እያሉ ጮኹ። የሒሳብ መምህሩ ከጎረቤት ክፍል ብቅ ብለው «ይሄ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» አሉ። «ባሕር ነው ጋሼ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ገቡ፤ ክዳኑንም ተቀብለው ሞገድ ሠሩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመናል! አንዱን ብርጭቆ ውሃ በጨው በጥብጠን እንቁላል አንሳፈፍን፤ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ደግሞ ያው እንቁላል ሰመጠ። በካርታው ላይ ክር እያስኬድን የአፍሪካን ዳርቻ ዞርን፤ ክሩ የት ቀጥ እንደሚል፣ የት ገባ ወጣ እንደሚል ልጆቹ በጣታቸው ዳሰሱት። ጓደኛዬ አይታ ወደደችው። ሳፋውን ለክፍሏ ተዋሰችኝ፣ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ያቺ ክዳን ያዥ ልጅ በመስኮቱ አሻግራ እያየች «ቲቸር፣ እውነተኛውን መቼ እናያለን?» አለችኝ። ከእኛ ትምህርት ቤት ቁልቁል ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጠባብ ኮረብታ። ልጆቹ በየቀኑ ከላይ ሆነው ያዩታል፤ ዳርቻውን የረገጡት ግን ጥቂት ናቸው። አዞ አለ፣ መኪና የለም፣ ወላጅ ሥራ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ዝናቡ ሳይገባ እወስዳችኋለሁ» አልኩ። መምህር ቃል ከገባ ልጅ አይረሳም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ አንድ አውቶቡስ አገኝላችኋለሁ አሉ። አንድ አውቶቡስ ማለት አንድ ክፍል ማለት ነው። «ወላጅ ከተስማማ ብቻ» ብለው አከሉበት። የማን ክፍል ይሂድ ስንባባል ጓደኛዬ ራሷ ናት የፈረደችው። «ሐሳቡ ያንቺ፣ ሳፋው ያንቺ፤ ያንቺ ልጆች ይሂዱ እንጂ ምን ጥያቄ አለው» አለችኝ። ጉንጯን ሳምኳት።

የእኔ ክፍል ወላጆች ስብሰባ የተደረገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ከዛፍ ሥር ነው። አብዛኛው ወላጅ ከላንቴና ከዙሪያው የመጣ ገበሬ ነው፤ ሙዙን ጥሎ የመጣ። የእኔ ጋሞኛ የገበያ ነው፤ ማንጎ እከራከርበታለሁ እንጂ ወላጅ አላሳምንበትም። ስለዚህ ጓደኛዬ ልታስተረጉምልኝ ከጎኔ ቆመች። ያልኩትን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ፦ «ልጆቹን ውሃው ጫፍ አላደርሳቸውም። ጠባቂዎች አብረውን ይኖራሉ። የመጣ ቢመጣ ኃላፊነቱ በእኔ ነው።» እሷ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ፣ አንድ በአንድ ተረጎመችው።

አንድ አባት ተነስተው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረጉና አጭር ነገር ተናግረው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። «ምን አሉ?» አልኳት። «አዞ ፈርተው ነው እቴ፤ ምን ታደርጊያቸዋለሽ» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። እንባዬን በነጠላዋ የጠረገችልኝ እሷ ናት። በነጠላዋ!

ለልጆቹ ስነግራቸው ማንም አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ክዳን ያዧ ልጅ ብቻ ቀና ሳትል «ግን ቃል ገብተው ነበር እኮ ቲቸር» አለችኝ። ምን ልበላት? «እናትና አባትሽ እምቢ አሉ» ልበል? መጽሐፉን ገልጬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሄድኩ፤ ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

በሳምንቱ አውቶቡሱ መጣ። የተሳፈሩት የጓደኛዬ ክፍል ልጆች ናቸው። ርዕሰ መምህሩን ብጠይቃቸው «የእሷ ክፍል ወላጆች ተስማሙ፤ አውቶቡሱ ባዶውን አይቆም» አሉኝ። እውነትም አይቆም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያን ጊዜ እንኳ በእሷ ላይ ክፉ አላሰብኩም፤ «ያንቺ እንኳ ይዩት» አልኳት። የእኔዎቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በዛፉ ሲከለል፣ እንደገና ብቅ ሲል በዓይናቸው ሸኙት። ተቀመጡ ለማለት አቅም አጣሁ።

እውነቱን ያወቅሁት ሲቀላ ገበያ፣ ሙዝ ስገዛ ነው። ሻጯ የዚያች ክዳን ያዥ ልጅ እናት ናቸው። ሌላ ጊዜ መርቀው የሚሰጡኝ ሴት ያን ቀን ፊታቸውን አዙረው መዘኑልኝ። «ምነው እማማ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አልኩ።

«ቲቸር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነበርክ» አሉኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለእኔ ሁሌም አንተ ነኝ። «ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ምን አልኩ?»

«ልጃችሁን አዞ ቢበላ ኃላፊነቱ በእናንተ ነው፣ እኔ የለሁበትም አልክ።»

«እኔ? በስመ አብ! ‹በእኔ ነው› ነው ያልኩት!»

«አንተ አማርኛ ተናገርክ፤ እሷ አፍህ ናት። አፍህ ‹በእናንተ› አለ» አሉ፤ እንዳላምናቸው ፈርተው ይሆናል፣ ከጎናቸው ቲማቲም የምትሸጠውን ሴት ጠሩ። እሷም ስብሰባው ላይ ነበረች። ራሷን ነቀነቀች። «በእናንተ» አለች።

በእኔ፣ በእናንተ። ከዚህ የምታንስ ቃል የት ትገኛለች? በዚህች ቃል የተነሳ ወላጁ ሁሉ፣ ልጁን ለአዞ ልትሰጥ የመጣች ደንታ ቢስ አድርጎ ሲያየኝ ከረመ። ሙዙን ትቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ጓደኛዬን የመምህራን ክፍል ብቻዋን አገኘኋትና ጠየቅኋት። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም። «አንድ አውቶቡስ ነበር» አለች። «የእኔም ልጆች ልጆች ናቸው።»

«ብትጠይቂኝ እሰጥሽ አልነበር?»

«እሱማ ትሰጪኝ ነበር» አለች። «ያንቺ ሐሳብ፣ ያንቺ ሳፋ፣ ያንቺ ባሕር። ደግሞ አውቶቡሱንም የሰጠሽኝ አንቺ ልትሆኚ!»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ኩርኩፋውን ስንካፈል፣ ሳፋውን ስታወድስልኝ፣ ይሄ ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነበር ለካ! «ሌላው ሰው ዕቃ ይሰርቃል» አልኳት፣ «አንቺ አፌን ሰረቅሽኝ። በእኔው ድምፅ በእኔው ልጆች ላይ ፈረድሽ።» ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ ወላጆቹ በተሰበሰቡበት ቆማ ያለችውን ታስተካክል። ጉዞው እንኳ ቢቀር፣ ልጆቹ ቃሌን ያጠፍኩት እኔ አለመሆኔን ይወቁ። «እንዴት ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው?» አለች። «እኔን እንዳቆምሽኝ» አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ከአንድ ሳህን አልበላንም። ረቡዕ ረቡዕ ኩርኩፋዋን ይዛ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ እኔ ተነስቼ እሄዳለሁ።

ርዕሰ መምህሩን ሌላ ስብሰባ ይጥሩልኝ ብላቸው «የሴት ጭቅጭቅ ወላጅ ፊት አላወጣም» አሉኝ። ወይ ጉድ! እኔው ለልጆቹ ብናገር ራሷን ልታነጻ ነው ይባላል እንጂ ማን ያምነኛል። ዝናቡ ገባ፤ መንገዱ ጨቀየ። ልጆቹ እንደ ድሮው «ቲቸር» ይሉኛል፣ ይታዘዙኛል፤ ሳፋውን ያምጡ የሚለኝ ግን ጠፋ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ሳይበተኑብኝ፣ እሷ ወላጆቹ ፊት እንድትናገር ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ጨንቻ የተሸመነ ጋቢ ለብሰው፣ በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘው። እሷ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታለች። አጎቶቿ ናቸው፣ ከደጋ የወረዱት። ግቡ ሳልላቸው ሁለቱም እዚያው ደጄ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ሳሩን ወደ እኔ ዘርግተው ተንበረከኩ። ጋሞ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ለጠብ የወጣ ጎረምሳ እንኳ ሳሩን ካየ ዱላውን ይጥላል። እኔ ማን ነኝ?

«ኧረ ይነሱ አባቶቼ፣ በማርያም!» እያልኩ ክንዳቸውን ያዝኩ። አልተነሱም። ትልቁ ሽማግሌ ረጋ ብለው ብዙ ተናገሩ። የእኔ የገበያ ጋሞኛ አልደረሰበትም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሲጨርሱ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«አጥፍታለች፣ ልጃችን ናት፣ ስለ እኛ ብለሽ ይቅር በያት ነው የሚሉት» አለች፣ ዓይኖቿ መሬት ላይ እንደተተከሉ።

«እሺ» አልኩ። «ይቅር እላለሁ። ግን መጀመሪያ ወላጆቹ ፊት ቆማ እውነቱን ትናገር። ይህችን ካደረገች ከልቤ ታርቄያታለሁ፤ ካላደረገች ሳሩን አልቀበልም። ንገሪያቸው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ በጋሞኛ ተናገረች። አጭር ነበር፤ እኔ ካልኩት በጣም ያጠረ። የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። ትልቁ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁኝ፣ ከጭቃው ተነሱ፣ ሳሩን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን በራሳቸው እጅ ከደኑልኝ።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ያልሽውን» አለች።

ሽማግሌው እያለቀሱ ግንባሬን ሳሙ። ወላጆቹ ፊት ማንም አልቆመም፤ ልጆቹም ቃሌን እንዳጠፍኩ እንዳመኑ ወደ አሥረኛ ክፍል አለፉ። እኔ ምን ብዬ እንደታረቅሁ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።