ጨርቅ ላይ የሚተኙ ዶሮዎች

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነበር፤ እሱ ጥሏት ሄደ፣ ስሙ ግን አብሯት ቀረ። ፊቷ ትንሽ፣ ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ድምጿን ግን ግድግዳ አያግደውም። ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ የስፌት መኪናዋ መስኮቱን ተጠግታ ቆማለች፤ ክሮቿ ምስማር ተመትቶላቸው ግድግዳው ላይ በየቀለማቸው ተሰድረዋል። ሊለካ የመጣ ሰው ስድቡንም አብሮ ይቀበላል።

"ሆድህን አትሳብ! ሱሪውን ለብሰህ ስትውል ትንፋሽህን ይዘህ ነው?"

ደንበኛው ይስቃል። ተመልሶም ይመጣል፤ የእሷ ስፌት አይተረተርም።

እኔ ልጆቼን ድሬ፣ የልጅ ልጆቼን ተንከባክቤ ስጨርስ ከእሷ ጋር ገባሁ። ከክፍላችን ጀርባ ጠባብ ግቢ አለችን፤ ግቢዋ የዶሮዎቹ ናት። ክብሪት ለሰው የነፈገችውን ለስላሳ ቃል ሁሉ ለእነሱ ታፈሰዋለች። "ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ ቆንጆ" ስትል የሰማ ሰው ሌላ ሴት ግቢው ውስጥ አለች ብሎ ያስባል። ከሁሉ የምትወዳት ትልቋን ቀይ ዶሮ ነው። ጫጩት ሳለች በካርቶን አድርጋ ከመኪናው ፔዳል አጠገብ ነው ያሳደገቻት። ስሟም ወይዘሮ ነው።

የሌላው ሰው ዶሮ ገለባ ላይ ይተኛል። የእህቴ ዶሮዎች ግን ጨርቅ ላይ ነው የሚተኙት። ስራ ስትጨርስ ከመኪናው ስር ብጣሹን ጨርቅና የተቆረጠውን ክር ትጠርግና አንድም ሳታስቀር እንቁላል መጣያቸው ውስጥ ትጎዘጉዘዋለች። "ገለባ ደረታቸውን ይወጋቸዋል" ትላለች። የኔ እናት! ለእኔ ፍራሽ እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም።

ጣጣው የመጣው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ክብሪት ቀና ማለት አትችልም፤ የተማሪ ዩኒፎርም ክፍሉን ይሞላዋል፤ ሰማያዊ ሸሚዝ በአልጋው ላይ፣ ሰማያዊ ቀሚስ በወንበሩ ላይ። ግቢዋም ሰማያዊ ሆነች። ያኔ አንዷ ነጭ ዶሮ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ይዛ ቆመች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ላይ እየሳበች የማይወርድ ነገር እንደምትውጥ ትሆናለች። እህል ሲበተን ትሮጣለች፤ ሁለቴ ለቀም አድርጋ ትተወዋለች። ኩሷ ውሃ ሆነ፣ አረንጓዴም ሆነ። ክብሪት ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሎሚ አጠጣቻት። ዶሮዋ ሞተች።

"መርዝ ነው" አለች ክብሪት።

የማን መርዝ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአጥሩ ማዶ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ይኖራል። ቀኑን ሙሉ ከፍ ያለች በረንዳው ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሆኖ ግቢያችን ወለል ብሎ ይታየዋል። አንድ ጊዜ ወይዘሮ አጥሩን ዘልላ ሰላጣውን ስለቀመችበት "ዳግመኛ ከመጣች አልመልሳትም" ብሏል። ክብሪት ያቺን ቃል ይዛ ነው የምትኖረው።

"ከፍተን እንያት" አልኳት የሞተችውን። "ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ።"

"ምን ይታያል? የታወቀ ነገር!" ብላ ቀበረቻት።

ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆና ሞተች፤ እሷንም ቀበረቻት። ከቀበረች በኋላ አጥሩ ስር ቆማ ጮኸች፤ መንገደኛ ሁሉ ቆመ።

"አንተ ነፍሰ ገዳይ! ዶሮ ምን አደረገችህ?"

ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "እኔ በዕድሜዬ የገደልኩት ጎማ ብቻ ነው" አለ። ቀጠለና፣ "ይልቅ ስሚኝ፣ ዶሮዎችሽ ክር ሲጎትቱ አይቻለሁ። ክር ነው የሚበሉት" አላት።

"ያንተን ሰላጣ ከሚበሉ ክር ቢበሉ ይሻላቸዋል!" አለችና በሩን ደርግማ ገባች።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሰምቼዋለሁ። ግን ሰውየው ቀልደኛ ስለሆነ የተለመደ ተረቡ መስሎኝ አለፍኩት።

ከዚያ ወይዘሮ ታመመች። በማግስቱ ክብሪት ስራዋን ትታ ዶሮዋን እቅፍ አድርጋ መኪናዋ ጋ ተቀምጣለች፤ ቁልፍ ያልተተከለላቸው ሸሚዞች ወለሉ ላይ ተከምረዋል። በእጇ ከገበያ የገዛችው የዱቄት መድኃኒት አለ፤ ማንኪያ አዘጋጅታለች። ፊደል የለየሁት በእርጅናዬ ስለሆነ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ ግን ማንበቤ አይቀርም። ከእጇ ወሰድኩና ማሸጊያውን አነበብኩት።

"ለቀንድ ከብት ይላል። ዶሮሽ ቀንድ አብቅላለች?"

"እትዬ፣ በሞቴ አሁን አትቀልጂ።"

"ማን ቀለደ? ተናድጄ ነው! ሁለቱን ቀበርሽ፤ ይቺን ደግሞ በገዛ ማንኪያሽ ልትጨርሻት ነው? አምጫት ወዲህ!"

ተቀብያት አንገቷ ስር ዳሰስኩ። ዶሮ የለቀመችውን እህል መጀመሪያ የምታጠራቅምበት ከረጢት አላት፤ ከደረቷ በላይ ነው። ጠዋት ነው፣ ወይዘሮ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ ከረጢቱ ግን እንደ ኳስ ተወጥሮ ጠጥሯል። ምንቃሯን ስከፍተው የተበላሸ ሊጥ የመሰለ ሽታ ወጣ። ደረቷ ደግሞ አጥንት ብቻ ነው።

"ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"እሺ እንሂድ" አለች ባንድ አፍ። ገረመኝ። ነጠላዋን ስታነሳ ግን ምክንያቱን ነገረችኝ። "ሐኪሟ መርዝ ነው ትበልልኝ እንጂ ፍርድ ቤት ነው የማቆመው።"

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የቆርቆሮ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ቁምሳጥን መድኃኒት አላት። ወይዘሮን አገላብጣ አየች፣ እንደ እኔ ከረጢቱን ዳሰሰች።

"ዛሬ ጠዋት እንዲህ ነበር?" አለች።

"እንዲሁ ነው ያገኘሁት" አልኳት።

"ጤነኛ ዶሮ ማታ የሞላችውን እስኪነጋ ታወርደዋለች። ጠዋት ባዶ መሆን ነበረበት። የሆነ ነገር መንገዱን ዘግቶባታል።"

"መርዝ ይዘጋል?" አለች ክብሪት።

"መርዝ እንዲህ አያደርግም፣ እማማ።"

"አንቺ ደግሞ አታውቂውም ሰውየውን!"

ሐኪሟ ጥቂት ዘይት በጠብታ በምንቃሯ ጎን አስገባች፣ ከረጢቱን በጣቶቿ በቀስታ አሸች። ክብሪት "ገልብጠን ብናስተፋትስ?" ስትላት፣ "እንዳታደርጉት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ከገባ እዚሁ ታልቃለች" አለቻት። ስትጠብቅ፣ ስታሽ፣ ስትጠብቅ ቆየች። ኳሱ አልላላም። በመጨረሻ መቀደድ እንዳለበት፣ ዶሮዋም በጣም ስለከሳች ላትተርፍ እንደምትችል ሳትደብቅ ነገረችን።

ክብሪት የዶሮዋን እግር አጥብቃ ያዘችና፣ "ቅደጃት" አለች።

ሐኪሟ ላባውን ነጨች፣ ማደንዘዣ ወጋች፣ ቆዳውን ከዚያም ከረጢቱን ትንሽ ሰነጠቀች። በመቆንጠጫ ያዘችና ሳበች። የሚከረፋ ጥቅል ወጣ። ጫፉን ብትስበው አያልቅም፤ እህሉ፣ ሳሩ፣ ሁሉም በክር ተተብትቧል። ሐኪሟ ውሃ አፈሰሰችበት። ሰማያዊ ሆነ።

ያ ሰማያዊ የማን እንደሆነ ከእኔና ከእህቴ በላይ የሚያውቅ የለም። ግማሹ አሁንም ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ጆሮዋ ቀላና ዶሮዋ ላይ ጮኸችባት። "ምን ጎደለብሽ? እህል ነፈግኩሽ? ክር ይበላል? አንቺ ሆዳም!" እንዲህ እያለች በሌላ እጇ የዶሮዋን አናት ትደባብሳለች።

ሐኪሟ መስፋት ስትጀምር ደግሞ አላስቻላትም። "አራራቅሽው! ጠጋ ጠጋ አድርጊው እንጂ!"

"እማማ፣ ይሄ እኮ ሸሚዝ አይደለም።"

"ሸሚዝማ ቢሆን አስፈታሽ ነበር።"

ሐኪሟ ከረጢቱን ለብቻው፣ ቆዳውን ለብቻው ስትሰፋ ሲያይ ግን የክብሪት ዓይን ረጋ። "እህ፣ ገበሩን ቀድመሽ ነው" አለች።

ወይዘሮ ለብቻዋ ሞቃት ቦታ እንድትቀመጥ፣ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የላመ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጣት ታዘዝን። ጨርቁን በሙሉ ከግቢ አውጥተን የቀሩትን ዶሮዎች በየጠዋቱ እንድንዳስስም ተነገረን።

መንገድ ላይ ውስጤ የታመቀውን አወጣሁት። "ከፍተን እንያት ስልሽ እምቢ አልሽ። የመጀመሪያዋን ብናያት ሁለተኛዋ በሕይወት ነበረች! ሰውን ገዳይ እያልሽ ስትጮሂበት ከረምሽ። አንድ ቀን እንኳ ጥፋቱ እኔ ጋ ይሆን እንዴ አትይም?"

"በቃሽ፣ እትዬ።"

"አልበቃኝም!"

ወይዘሮ የተኛችበትን ካርቶን አቅፋ ትሄዳለች። መንገዱ ጉድጓድ ያለበት ጋ ስትደርስ ዶሮዋ እንዳትናጥ መዳፏን ከስሯ ታስገባለች። ያንን ሳይ የቀረውን ንዴቴን መጨረስ አቃተኝ።

ቤት ሳትገባ የሾፌሩን በር ደበደበች። በሸበጥ ወጣ።

"አንተ!" አለችው። "ክር ይበላሉ ብለህ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርክ? እኔን አታውቀኝም? ለእኔ አንዴ ይበቃል?"

ሰውየው ወደ እኔ አየ፣ ወደ ካርቶኑ አየ። ነገሩ ገባው።

"ሁለተኛ ብደግም በመቀስሽ ምላሴን ትቆርጪው ነበር።"

"እሱማ እቆርጠው ነበር" አለች። ተራመደች፣ ተመለሰች። "ነፍሰ ገዳይ ያልኩህን ... እንዳላልኩ ቁጠረው።"

"ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል እኮ።"

"ሰፈሩ ከሰማ ይሄንንም ይስማ!" ብላ መንገድ መሃል ቆማ ጮኸች። "ዶሮዎቼን የጨረስኩት እኔ ነኝ! እሱ አይደለም! ሰማችሁ?" ቁጣዋ ያው ነው፣ ድምጿም ያው ነው፤ ልክ ስትሰድበው የነበረውን ያህል ጮኸች እንጂ አልቀነሰችም።

ወይዘሮ በሕይወትና በሞት መካከል ሰነበተች። አንድ ጠዋት ዳሰስኳት፤ ከረጢቷ ባዶ ነበር፣ ለስላሳ። እጄን ነቆረችኝ። ክብሪትን ጠራኋትና እሷም ዳሰሰች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ግቢው ወጣች።

እንቁላል መጣያው ውስጥ አሁን ገለባ ነው ያለው። ክሩ ግን አፈሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይወጣል። ስለዚህ ክብሪት በየጠዋቱ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ እየተራገመች።

"ከባልዲው ስር አንድ ሰማያዊ ቀርቶሻል!" ይላታል ሾፌሩ ከበረንዳው።

"አይቼዋለሁ፣ አንተ ሰላይ! ዝም በል!" ትላለች።

አላየችውም ነበር። ተመልሳ ታነሳዋለች።