ሁለቱ ታሪኩ ጂግሶዎች

ከዲላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ወንድሜ ታሪኩ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሄድ ለማንም ሳይናገር፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በጓሮ በእንሰቱ መሃል ሾልኮ ነበር የወጣው። ስለዚህ የእኔ ተራ ሲደርስ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ። «በበሩ ውጪ፤ ሰው እያየሽ ውጪ።»

በበሩ ወጣሁ። ረፋዱ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ቆሞ፣ ሻንጣዬ ባጃጅ ላይ ተጭኖ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ሹፌሩ ቸኩሎ ኖሮ ሁለት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋባቸው፣ እሳቸው ግን አንዲት ቃል አላሳጠሩም። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። «ጠንካራ ልጅ ናት» ሲባል ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ እንደሚደነዝዘው ድድ ነበርኩ፤ እየነኩኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሕመሙ ግን የለም።

እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የተማርኩት። ናይሮቢ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ፣ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ ሲሰደዱ የተያዙና የታሰሩ ሰዎችን ስም ሰብስቦ ለቤተሰብ የሚያሳይ ድረ ገጽ የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ነበር። ማስታወቂያውን አይቼ ያን ዕለት አመለከትኩ። ለምን እንደፈለግሁት አልነገርኳቸውም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ሥራ ለምን መረጥሽ?» ሲሉኝ «ጃቫስክሪፕት ስለምወድ» አልኩ።

ሞያሌ በኬንያ በኩል ያለው ሹም ቅጽ አቀረበልኝ። በእንግሊዝኛ ነው የተነጋገርነው።

«የቤተሰብ ስም?»

«ጂግሶ።»

«የባልሽ ነው?»

«የአባቴ ነው።»

«የአባትሽ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ጂግሶ ወራሳ።»

«እንግዲያው የቤተሰባችሁ ስም ወራሳ ነዋ።»

«ወራሳ አያቴ ነው።»

«እናትሽስ?»

«ዘነበች ዶሪ።»

«ዶሪ ደግሞ ማን ነው?»

«የእናቴ አባት።»

ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። «አንቺ፣ አባትሽና እናትሽ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት?»

«አዎ።»

«በሦስት የቤተሰብ ስም።»

«እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም።»

«የሌለው ሰው የለም» አለኝ። «ይኸው ቅጹ ላይ ቦታ አለው።» ከስሜ ከምሕረት ቀጥሎ ጂግሶ ብሎ ጻፈና ማኅተሙን ረገጠበት። ናይሮቢም አከራዬ ማማ ዋንጂኩ ውሉን ካየችበት ቀን ጀምሮ «ወይዘሮ ጂግሶ» ትለኝ ነበር። ባል እንደሌለኝ ስነግራት አዘነችልኝ። «መቼ ሞተ?» አለች። ጂግሶ አባቴ ነው፣ ደህና ነው፣ ዲላ ነው ያለው ብላት ደግሞ «ታዲያ አባትሽን ለምን አገባሽ?» ብላ እስክትሳል ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ስለ ናይሮቢ ለምትጠይቁኝ፦ ብርዱ በሐምሌ ከዲላ ይብሳል፣ ዝናቡ ግን ከእኛው ያንሳል። ኡጋሊ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤና በርበሬ ሳይነካው በጎመን ይበላል። ለሁለት ሳምንት ቆጮ እያማረኝ በላሁት፣ ከዚያ ማማሩም ተወኝ። ሰዓት ግን እንደ እኛው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእነሱም ሦስት ሰዓት ነው። ሰላምታ ላይ ይቸኩላሉ። የእናትህን፣ የከብቱን፣ የቡናውን ደኅንነት የሚጠይቅ የለም። ይህ መጀመሪያ ከፋኝ፣ ኋላ ተመቸኝ። የሚጠይቅ ከሌለ የሚመለስም የለ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፣ የመጣብኝ ሁሉ ከዚያ ነውና።

የተሰጠኝ ፋይል አንድ ረጅም ዝርዝር ነበር። በየመስመሩ አንድ ሰው አለ፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የመጣበት ከተማ፣ የታሰረበት አገርና እስር ቤት፣ ያለበት ሁኔታ። ሁሉም ሳይለይ በአንድ ላይ ተሰጥቷል። ቤተሰብ እንዲፈልግበት በየወገኑ መለየት ነበረበት። በጃቫስክሪፕት፣ ድረ ገጽ በሚጻፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ለዚህ ሁለት ነገር አለ። አንዱ አሬይ ነው፤ ሰልፍ በሉት፤ የመጣ ሁሉ በተራው ይቆማል፣ ሁለት ሞክሼ ቢመጡ ሁለቱም ይቆማሉ። ሌላው ኦብጀክት ነው፤ በየመሳቢያው ላይ ስም የተለጠፈበት ቁም ሳጥን በሉት፤ ስሙን ስትጠሩት መሳቢያው ይከፈታል፣ ግን በአንድ ስም ሁለት መሳቢያ አይኖርም። አንዱን በሌላው ውስጥ መክተት ይቻላል። እኔም እንደዚያ ሠራሁ፤ አገሩ፣ በውስጡ እስር ቤቱ፣ በውስጡ ሰዎቹ የመጡበት ከተማ፣ በውስጡ ሰዎቹ። ኮዱ እያንዳንዱን መስመር ያነሣል፤ መሳቢያው ካለ ይከፍተዋል፣ ከሌለ ባዶ አዲስ ይሠራል፣ ከዚያ ሰውየውን ያስገባል።

በአንድ እስር ቤት ውስጥ ዲላን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ኤል፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው በዋይ ጽፈውት ስለነበር ኮዱ ሦስት ከተማ መስሎት ሦስት መሳቢያ ሠራ። ሦስቱን አንድ አደረግኋቸውና ከፈትኩ።

ታሪኩ ጂግሶ። ከዲላ። ያለበት ሁኔታ፦ ተዛውሯል።

ለእናቴ ወዲያው ደወልኩ። «ስሙ አለ። ሌላ ቦታ አዛውረውታል እንጂ በሕይወት አለ» አልኳት። እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው። በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች፤ አባቴ በስልክ ነገረኝ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራዬን ጨርሼ፣ ልብሴን አጥቤ፣ ተኛሁ።

አጠገቤ የሚሠራው ኦቲዬኖ የሚባል ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሻዩን በወተት ብቻ የሚጠጣ። ሥራዬን እንዲያይልኝ ስሰጠው ኮዱን እንኳ አላነበበም።

«ስንት ሰው ገባ?» አለኝ። የመስመሮቹን ብዛት ነገርኩት።

«ስንትስ ወጣ?»

ቆጠርኩ። ጎደለ። ድጋሚ ቆጠርኩ፣ ያው ጎደለ።

ኦቲዬኖ ወንበሩን ስቦ መጣና በጣቱ አንዷን መስመር ነካት። በመጨረሻው ደረጃ፣ በከተማው ውስጥ፣ ሰዎቹን ማሰለፍ ሲገባኝ የእያንዳንዱን ስም መሳቢያ አድርጌው ነበር። በዚያው ስም ሌላ ሰው ሲመጣ የፊተኛውን ያስወጣና እሱ ይገባበታል። ጃቫስክሪፕት በዚህ አይጮህም። ስህተት ነው አይልም። የወጣው ሰው የት እንደሄደም አይናገርም። «ፑሽ አድርጊው» አለ ኦቲዬኖ፤ በስሙ ሥር ሰልፍ ይኑር፣ የመጣው ከኋላ ይቁም ማለቱ ነው። ሁለት መስመር ነው የቀየርኩት።

የዲላን መሳቢያ እንደገና ከፈትኩ። ታሪኩ ጂግሶ በሚለው ሥር ሁለት ሰው ቆሟል። አንደኛው፦ ሞቷል፣ በሕመም። ሁለተኛው፦ ተዛውሯል። እስር ቤታቸው አንድ ነው። ዕድሜያቸው በግምት የተጻፈ፣ እሱም አንድ። ሟቹ በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ስለመጣ ሌላው ሸፍኖት ኖሯል።

ኦቲዬኖ «አሁን ልክ መጣ?» አለኝ። «መጣ» አልኩት።

ለአሥራ አንድ ቀን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ስትደውል ስለ ዝናቡ አወራኋት። «ወንድምሽ ሲመጣ ከታች ያለውን ክፍል ኖራ እናስቀባዋለን» አለችኝ፤ «ጥሩ ነው» አልኳት። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ማማ ዋንጂኩን ሰላም እላለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ መስሎኝ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው። ማን እንደሆንኩ ራሴን ጠየቅሁ፤ እንዴት እህት እንዲህ ትሆናለች ብዬ።  በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለኦቲዬኖ ነገርኩት።  የእስር ቤቱን ስልክ ከፋይሉ ፈልጎ፣ ድምፁን ለሁለታችን ከፍቶ፣ በስዋሂሊ ደወለልኝ።

የመለሰልን ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ይጎተታል። ኦቲዬኖ እየተረጎመልኝ እንዲህ አወራን።

«የትኛው ታሪኩ? ሁለት ነበሩ።»

«የሞተው።»

«ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው።»

«እናውቃለን። የሞተው የአያቱ ስም ማን ነው?»

«የሞተ ሰው አያቱ ምን ያደርጉለታል?»

«ለመለየት ነው።»

«ቅጹ የአያት ቦታ የለውም። የቤተሰብ ስም ነው ያለው። የቤተሰብ ስማቸው ጂግሶ ነው፤ ወንድማማች ናቸው።»

«ወንድማማች ሆነው ሁለቱም ታሪኩ ይባላሉ?»

 «እኛም ገርሞን ነበር» አሉ ሰውየው። ከዚያ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ጸሐፊ ምግብ ሲያድል ሁለቱ እየተምታቱበት፣ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ጽፎ ነበር። «አንዱ ወራሳ ይላል» አሉ።

የእኔ አያት። ኦቲዬኖ ሳይተረጉምልኝ ሰምቼዋለሁ። «የትኛው?» አልኩ፣ በአማርኛ። ኦቲዬኖ ግን ገባው።

«ቆዩ፤ መነጽሬን ላምጣ።»

መነጽራቸውን ሊያመጡ ሄዱ። ስልኩ ውስጥ ዶሮ ትጮሃለች። ሰው ይስቃል። ከዚያ ተመለሱ። «ወራሳ የተዛወረው ነው። የሞተው ቦኮ ይላል። ቢ፣ ኦ፣ ኬ፣ ኦ።» ሳይጠየቁም ጨመሩ። «ሲታመም ያስታመመው ያ ሌላኛው ነው። ቀብሩንም ቆፍሯል፤ ፈቀድንለት። ከዚያ መኪና መጥቶ ሌሎቹን ጭኖ ሄደ።»

«ወዴት?»

«እሱ የሌላ ቢሮ ሥራ ነው።»

ኦቲዬኖ ስልኩን ዘጋና ትከሻዬን ያዘ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ምሳዬን አውጥቼ በላሁ። እየበላሁ ሳለ የሆነች ሴት፣ ልጇን በሕይወት አለ ብላ የምትጠብቅ፣ አሁን በዚህ ሰዓት ምን እየሠራች ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ምሳዬንም ያን ጊዜ ወደ ጎን ገፋሁት።

ለአባቴ ደወልኩ። ሁሉን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ የኔን ስህተት፣ አሥራ አንዱን ቀን። አልተቆጣኝም። «ቦኮ?» አለ። ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ ያሉ ዘመዶቻችንን አስጠየቀ፤ በሁለተኛው ቀን ወሬው መጣ። ሬኮ በሚባል ቦታ፣ ከቡና ማጠቢያው በላይ፣ ጂግሶ ቦኮ የሚባል ገበሬ ነበር፤ እሱ ዐርፏል፣ ሚስቱ አለች። ልጇ ታሪኩ የዲላ ልጅ ጓደኛ አለው ይባል ነበር፣ አብረው ነው የጠፉት፤ እስር ቤትም ሁለቱም ከዲላ ነን ብለው ተመዝግበው ኖሯል።

«እኔ ልደውልላት?» አልኩት።

«ምን ነካሽ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል? እኛ እንሄዳለን።»

ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ሄደ። ይርጋጨፌ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ደጇ ደረሱ። የደወለልኝ ረፋዱ ላይ ነው። ከኋላው ለቅሶው ይሰማኛል፤ በጌዴኦኛ ስሙን እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። ታሪኩ፣ ታሪኩ። የሚጠሩት የኔን ወንድም እንዳልሆነ እያወቅሁ ወንበሩን ያዝኩ።

«ነገርናት» አለኝ።  «ማን ቀበረው አለችኝ። ልጄ ነው አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ልጅህ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ይምጣ፣ ከእናቱ በፊት እኔ ልየው፣ የሚነግረኝ እሱ ነው አለች።»

«ምን አልካት?»

«እሺ አልኳት። ምን ልበላት?»

ማታ እናቴ ራሷ ደወለች። አባቴ ተመልሶ ነግሯታል። እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም። ስለ ዝናቡም አላነሣችም።

«ያቺ ሴት ለጠየቀችው እሺ ብያለሁ» አለች። «አንደኛ እሷ ጋ ይሂድ። አልከፋም።» ከዚያ ጠየቀችኝ። «ምሕረት፤ ወዴት አዛወሩት? የቦታው ስም ምን ይላል?»

ኮምፒውተሬ ፊቴ ክፍት ነው። የወንድሜ መስመር አለ። የተዛወረበት ቦታ የሚለው ባዶ ነው።

«እየፈለግሁ ነው፣ እማዬ።»

«በስሙ ፈልጊው።»

«እሺ።»

«ሙሉ ስሙን አድርጊ፤ እስከ አያቱ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት። እሷም አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም።