ቲቸር፣ አይ ኬም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሮቤ ከተማ ባለው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ "እማማ፣ እዚህ ጋ ካም ነው ወይስ ኬም?" አለችኝ። ከመመለሴ በፊት ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሳቅ ርቆኝ ስለነበር ራሴም ደነገጥኩ።

ያሳቀኝ ነገር የሆነው ጎባ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የኅዳር ውርጭ ጣት ያደነዝዛል፤ ጠዋት ጠዋት ቆሎ በኪሳችን ይዘን እየቆረጠምን ነበር የምንሄደው። የእንግሊዝኛ መምህራችን በክፍለ ጊዜያቸው አማርኛ አያስወሩም። አንድ ቀን ለደቂቃ መውጣት ፈልጌ፣ "ቲቸር፣ አይ ኬም" ብዬ ወጣሁ። መጣሁ ማለቴ ነው።

ስመለስ በሩ ላይ ቆሙብኝ።

"መጣሁ ብለሽ አይደል እንዴ የወጣሽው? ታዲያ ይቺ ሁለተኛዋ ማን ናት?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱንስ በቻልኩት። ቀጥለው ግን፣ "ኬም ላለፈ ነገር ነው። እየሄዱ መጣሁ ማለትም የመሃይም አነጋገር ነው። ሁለቱንም ተሳስቻለሁ በይና ግቢ" አሉ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዲንሾ ገበያ ስትወጣ ሁልጊዜ "መጣሁ" ትለን ነበር፤ ቀርታ አታውቅም።

"እንግሊዝኛዬ ተሳስቷል፤ አማርኛዬ ግን አልተሳሳተም" አልኩ።

"እንግዲያው እስክትዪው ድረስ ውጭ ቁሚ። ፈተናም የለሽም።"

ፈተናው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። መስኮቱ ስር ቆሜ ተማርኩ። ከጊኒር መጥታ አብራኝ ቤት የተከራየችው ከድጃ ትለማመጠኛለች።

"አቦ፣ ተሳስቻለሁ ብትዪ ምላስሽ ይቆረጣል? ዋላሂ፣ እኔ እልልሻለሁ።"

"አንቺማ በይ፤ የተነካችው ያንቺ እናት አይደለች።"

በፈተናው ጠዋት መምህሩ በሩ ላይ ጠበቁኝ። በመስኮት የሰማሁትን ደረደርኩላቸው፤ ካም፣ ኬም፣ ካም፤ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን።

"አይ ዊል ካም ባክ ማለት ነበረብኝ፤ እሱን ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ሌላውን ግን አልልም። እናቴ መጣሁ ስትል ቃሏን መስጠቷ ነው።"

ከበሩ ዞር አሉልኝ። "ምላስሽ ግን!" አሉና የፈተናውን ወረቀት ሰጡኝ። አንደኛ አልወጣሁም፤ አለፍኩ እንጂ።

ለልጅ ልጄ ትክክለኛውን መልስ አሳየኋት። ያልነገርኳት ሌላ ነው። ባለቤቴ የመጨረሻውን ቀን ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ኮቱን እየለበሰ "መጣሁ" ብሎኝ ነበር፤ በዚያው ቀረ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች፣ "የሰው ቃል ምን ይታመናል፣ ቻይው" እያሉ ያጽናኑኛል። ይህን አልቀበላቸውም። ባለቤቴ መጣሁ ሲለኝ እውነቱን ነበር።