የበሩ ካፊያ

ዝናብ ይቆጠራል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይቆጠራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቆጠረች ሴት አለች። የሰፈሩ ሰው "ዝናብ ቆጣሪዋ" ይላታል። ስሟ ጠፍቶት አይደለም፤ የኮሌጁ የሒሳብ መምህርት ናት፣ ዶክተር ናት፣ የጻፈቻቸው ጽሑፎች ባሕር ተሻግረው ተነብበዋል። ግን በየማለዳው ማስመሪያ ይዛ ቆርቆሮ ውስጥ የምታጮልቅ ሴት ሌላ ምን ትባል? ታሪኳን ከማንም በላይ የሚያውቀው የኮሌጁ የበር ዘበኛ ነው። እሱም ዳር ቆሞ ያየ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እጁ እስከ ክርኑ አለበት።

ሴትዮዋ የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ ሳንቃ ሲገዛ ይዟት ይሄድ ነበር፤ የቁም ሣጥኑን ልክ ከነገራት፣ ስንት ሳንቃ እንደሚበቃና ስንት ስንዝር እንደሚተርፍ እዚያው ቆማ በቃሏ ታሰላለታለች። ሳንቃ ሻጩ "ሁለተኛ ይቺን ልጅ ይዘህብኝ እንዳትመጣ!" ይል ነበር አሉ። ኮሌጅ ልትመዘገብ ስትመጣ መዝጋቢው ከመነጽሩ በላይ አየት አደረጋትና፣ "የልብስ ስፌቱ በወዲያ በኩል ነው፣ የኔ ልጅ" አላት።

"ስፌትማ እናቴ ታስተምረኛለች" አለችው። "እዚህ የመጣሁት እሷ የማታውቀውን ልማር ነው።"

የሒሳብ ክፍሉ ከሷ በፊት ሴት ገብታበት አያውቅም። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ "እንኪ፣ ተቀመጪ" ያላት አንድ ወንድ የለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ መንፈቅ ሙሉ ተማረች። ፈተናው ሲታረም አንደኛ ወጣች፣ በማግሥቱ ሦስት ወንበር ተለቀቀላት! ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

አስተማሪ ከሆነች በኋላ ሐሳቧን ሁሉ የወሰደው ወንዙ ነው። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ አመሉ ክፉ ነበር። ከላይ ኮረብታው ላይ ዘንቦ፣ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ድንገት ይሞላና የጡብ ሠሪዎቹን እርጥብ ጡብ ጠራርጎ ይወስደዋል። ከላይ ይሄን ያህል ሲዘንብ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ፣ ድልድዩ ሥር ውኃው ስንት ክንድ ይነሣል? ይህን በቀመር ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። እሷ አፋቸው እኩል የሆነ ሃያ ቆርቆሮ አሠራች። አንዱን ዳቦ ጋጋሪው ጣሪያ ላይ፣ አንዱን ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ሌላውን ጡብ ሠሪዎቹ ግቢ፣ ከአንዱ በቀር የተቀሩትን እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ አስቀመጠች። ለየጠባቂው ማስመሪያና ደብተር ሰጠች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውኃ ማስመሪያው ላይ ስንት መስመር እንደደረሰ ቆጥሮ መጻፍ፣ ካልዘነበ ዜሮ መጻፍ፤ ሥራው ይኸው ነው።

ሰባት ዓመት ለካች፣ አሰላች፣ ሰረዘች፣ እንደገና አሰላች። በመጨረሻ በየጠዋቱ የሚታደስ አንድ ሰንጠረዥ ድልድዩ ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። ጡብ ሠሪዎቹ "ዝናብን በማስመሪያ!" ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰንጠረዡ "ዛሬ ከሰዓት ይሞላል" ባለበት ቀን ሰምተው ጡባቸውን ያነሱት ተረፉ፣ የሳቁት እጃቸውን አጨብጭበው ቀሩ። ዛሬ "የሴትዮዋ ሰንጠረዥ ምን ይላል?" ሳይባል አንድ ጡብ ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ሃያኛው ቆርቆሮ የኮሌጁ በር አጠገብ ነበር። ከድልድዩ በታች ስለሆነ ለወንዙ ስሌት አይገባም፤ እሷ ግን መንገዷ ላይ ስለሆነ ራሷ ታየዋለች። ዘበኛው የተቀጠረው ቆርቆሮው በተተከለበት ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸው አንድ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዴት አደርክ? ዘነበልን?"

"እርስዎ ይዩት እንጂ፣ እትዬ።"

ዘበኛው በተቀጠረ በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ጠፋ። ደመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። አርባ ቀን ዜሮ ተጻፈ። በዚያ ላይ አባቷ ሞተባት። ከቀበረች ሳምንቷ ነው፣ ጠዋት መጥታ ቆርቆሮውን አየች፣ ዜሮ ጻፈች፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ክፍል ገባች። በማግሥቱም እንደዚያው። ዘበኛው አላስቻለውም። ምን በወጣት! ሰው አባቱን ቀብሮ መጥቶ ደረቅ ቆርቆሮ ይይ? በሦስተኛው ቀን፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት፣ የሻይ ፔርሙዙን ክዳን ከቧንቧው ውኃ ሞላና ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጠው።

"ጋሼ! ዘንቧል!" ብላ ጮኸች። "አራት መስመር! አራት!" ፊቷ ቦግ አለ። ያን ቀን ከክፍሏ ሳቋ እስከ በሩ ተሰማ።

ሊነግራት ነበር፣ ደስታዋን ሲያይ ግን ተወው። "ለአንድ ቀን ነው፣ ማንን ይጎዳል?" አለ። ይሄ "ለአንድ ቀን ነው" የሚሉት ነገር ስንቱን ጉድ ሠርቶታል! ከዚያ በኋላ ከፍቷት የመጣች በመሰለው ቁጥር፣ ቆርቆሮው ደረቅ ከሆነ፣ አንድ ክዳን ጠብ ያደርግላታል። ማታ ስትወጣ ፊቷን ያያል፣ ጠዋት ክዳኑን ይሞላል። ሁልጊዜ አንድ ክዳን፣ ሁልጊዜ እስከ አፉ። ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ሲዋሽ እንኳ ልክ አያጎድልም።

እሷ ደግሞ ቁጥር አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ዳቦ ጋጋሪው ማዶ ዜሮ ሲጽፍ፣ በሩ ላይ አራት። ሦስት የለ፣ አምስት የለ፣ አራት! ዓመታት ስታሰላስል ቆየች። ከግቢው ትልልቅ ዛፎችና ከቀዝቃዛው የቆርቆሮ ጣሪያ የተነሣ ጉም እየተጠራቀመ ንጋት ላይ እንደሚያካፋ ደረሰችበት። "የበሩ ካፊያ" ብላ ሠላሳ ገጽ ጻፈች። ሊቃውንቱ ወደዱት! እንዲያውም ቆርቆሮው ፎቶ ሲነሣ ዘበኛውን አጠገቡ አቁመውት ነበር፤ ፎቶው ላይ ሆዱን ቁርጠት የያዘው ሰው ይመስላል።

እንግዲህ ሠላሳ አንደኛው ዓመት መጣ። ኮሌጁ ሊያከብራት ተነሣ፣ ሦስት ሊቃውንትም ከሩቅ አገር እንደሚመጡ ጻፉ። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ንግግሯን ይሰማሉ፣ አርብ በሩ ላይ ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ ተክለው ካፊያውን ለአንድ ዓመት ይከታተላሉ።

"ደስ አይልም፣ ጋሼ?"

"ደስ ይላል፣ እትዬ" አለ።

መሣሪያ አይራራም፤ ዜሮውን ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ያኔ "ሴትዮዋ ፈጥራ ነው" ይባላል። ካፊያው ውሸት ከሆነ ሰንጠረዡስ? ቀመሩስ? የሠላሳ አንድ ዓመት ድካሟ በአንድ የፔርሙዝ ክዳን ገደል ሊገባ! እህል አልዋጥ አለው። ሰኞ ዕለት "እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት..." ሲል ፊቱን አይታ "አሞሃል፣ ሂድ ዕረፍ" ብላ ወደ ቤቱ ሰደደችው። ማክሰኞ "እትዬ፣ የቆርቆሮው ነገር..." ሲል፣ "ልክ ነህ፣ ለእንግዶች እንዲህ አይታይም!" አለችና አረንጓዴ ቀለም ላከችለት። ምን ያድርግ? ቀባው። ረቡዕ ሲቀባ ዋለ።

ሐሙስ ማለዳ ቢሮዋ ገባ። ወረቀቶቿን ወለሉ ላይ ዘርግታ ተንበርክካለች።

"እትዬ" አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ። "ካፊያው እኔ ነኝ።"

"ምንድን ነህ?"

"ካፊያው። እኔ ነኝ የማካፋው። በፔርሙዝ ክዳን።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ቆመ። ተነሥታ ክዳኑን ከእጁ ተቀበለችው፣ በሩ ድረስ ወረደች፣ ውኃ ሞልታ ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጠች፣ ማስመሪያውን ከተተች። አራት መስመር። አንዲት ፀጉር ታህል አይጎድልም፣ አይተርፍም።

"ጋሼ! ጉድ ሠራኸኝ! ሠላሳ ገጽ ጽፌበታለሁ እኮ! ዛፎቹን ጠቅሻለሁ፣ ጣሪያውን ለክቻለሁ! ምን በድዬህ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን ይበድሉኛል! ከፍቶዎት ሲመጡ ማየት አቃተኝ። የከፋዎት ቀን ብቻ ነው። ማርያምን፣ በሌላ ቀን ነክቼው አላውቅም።"

ደብተሮቿን አወጣች። አራት የተጻፈበትን ቀን ፈለገች። አባቷን በቀበረች ሰሞን፣ አራት። የሚገባት ማዕረግ ለሌላ በተሰጠ ማግሥት፣ አራት። እህቷ ሆስፒታል የተኛችባቸው ቀናት፣ አራት፣ አራት፣ አራት። ለማንም ያልነገረቻቸው፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ያሳለፈቻቸው ጠዋቶች ሁሉ በገዛ እጅ ጽሑፏ ተመዝግበው ተቀምጠዋል። ገጹን እየገለጠች እንባዋ ወረደ። ዘበኛው ከሥራ የተባረረ መስሎት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቁልፉን አንሣ" አለችው። "በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ እንድትመጣ። ኮትህን ልበስ።"

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጡብ ሠሪዎቹ ሳይቀሩ እግራቸውን ታጥበው መጥተዋል። እሷ መድረክ ላይ ወጣችና ያዘጋጀችውን ንግግር ወደ ጎን አደረገችው። "የበሩ ካፊያ ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው" አለች። "ካፊያ የለም። የነበረው የፔርሙዝ ክዳን ነው።" ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች፣ ምንም አላስቀረችም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ከኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ወለሉ ቢውጠው ተመኘ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ እጁን አነሣ። "መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአሥራ ዘጠኙ ቆርቆሮ ጠባቂዎችስ ውኃ አለመጨመራቸውን በምን ያውቃሉ?"

ጥያቄው እንደዚያ መሣሪያ የማይራራ ነበር።

"ጠዋቱን ሙሉ ሳመሳክር ነው የዋልኩት" አለች። "አራት የተጻፈባቸው እነዚያ ቀናት መቶ አሥራ ሦስት ናቸው። በመቶ አሥራ ሦስቱም ቀን አሥራ ዘጠኙ ሰዎች ዜሮ ነው የጻፉልኝ። ታማኞች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ሰንጠረዡ ወንዙን ስቶት የማያውቀው በነሱ ነው። በከፋኝ ቀን ዜሮ ሊያሳየኝ አንጀቱ እምቢ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።"

ሽበታሙ እንግዳ እጁን አወረደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹ ተከተለው። ጡብ ሠሪዎቹ እያፏጩ ነበር። ዘበኛው ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለም።

"ቀኖቹን ከዝናቡ መዝገብ አወጣቸዋለሁ፣ ግን አልጥላቸውም" አለች፣ ጭብጨባው ሲበርድ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ኋላው ግድግዳ ላከች። "አንተ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ከእንግዲህ የከፋኝ ከመሰለህ ቆርቆሮውን ተወውና እኔኑ ጠይቀኝ።"

"እሺ፣ እትዬ" አለ ከኋላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው።