አጭበርባሪ ያለኝ አፕ

በስልክ ሽልማት ነገር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ከእኔ የቀደመ ሰው የለም። ካርድ በሳንቲም እየፋቅን በምንሞላበት ዘመን፣ በአጭር ቁጥር መልእክት እየላከ መኪና ይደርሰኛል ብሎ የጠበቀው፣ ሂሳቡን እየበሉበት እንደሆነም ቀድሞ የነቃው እኔ ነኝ። ቀጥሎ ጥያቄ እየመለሱ መሸለም መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቼ ያቃታቸውን ሁሉ መለስኩ። ከዚያ ማስታወቂያ እያዩ ነጥብ መሰብሰብ፣ በመጨረሻም እርምጃ የሚቆጥረው አፕ። በእግርህ ትሄዳለህ፣ ስልክህ ይቆጥራል፣ ነጥቡ ሲሞላ ካርድ ይሞላልሃል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ጥገና የተማርኩት የራሴን ሬድዮ ፈትቼ ነው፣ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት። አፕ ሊከብደኝ አይችልም።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በየማለዳው ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ዳገቱ ላይ ጎረምሶች ቆመው ሲያለከልኩ እኔ አልፋቸዋለሁ። ስለዚህ ነጥቤ እንደ ጎርፍ ይገባ ጀመር። ይህን ያየች ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤቴ አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ለራስዎ ብቻ ነው የሚሄዱት?»

«ለማን ልሂድ?»

«የእኔንም ስልክ ይያዙልኛ። ሱቁን ዘግቼ እንጦጦ ብወጣ እኔን ማን ይሸልመኛል?»

ነውር አልመሰለኝም። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በእድራችን ቀብር መድረስ ያልቻለ ሰው በምትኩ ሌላ ይልካል፤ የተላከውም እንደ እሱ ይቆጠራል። እርምጃም እንዲሁ ነው ብዬ ያዝኩላት። ወሬው ተሰማና ጉልበቱ የሚያመው፣ ልጅ የሚጠብቀው፣ ስንፍና ያለበትም ስልኩን ይዞ መጣ። የእኔን ጨምሮ ስምንት ስልክ በከረጢት ተሸክሜ እወጣ ጀመር። አንድ ጠዋት ተራራው ላይ የአንዷ ስልክ ጮኸና ባነሳው ባሏ ነው።

«ማነህ አንተ?»

«የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። እርምጃዋን እየሄድኩላት ነው።»

ሰውየው «የእኔንም ነገ እልካለሁ» አለኝ። በእሱ ዘጠኝ ሞላ።

ነጥቡ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዘጠኙም ስልክ ላይ አንድ መልእክት መጣ። «በማጭበርበር ምክንያት አካውንትዎ ታግዷል» ይላል። ባለሱቋ ጮክ ብላ አነበበችው። ከጎረቤቶቹ አንዱ «እንግዲህ ጸሐፊ መቀየራችን ነው» ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ዓመት የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ላይ ማንም አንድ መስመር አስተካክሎብኝ አያውቅም፤ አሁን ግን ስሜ ከዚያ ቃል ጋር በየቤቱ ገባ።

ሲ.ኤም.ሲ ወደሚገኘው የአፑ ኩባንያ ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው።

«አባባ፣ ሲስተሙ ነው የለየዎት። ዘጠኝ ሰው እኩል እርምጃ አይሄድም።»

«እኔ ሄጄላቸው ነዋ።»

«እሱ ነው ፍሮድ የሚባለው።»

ከዚያ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ የማልሰማ መስሎት፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ማጭበርበር እንኳ በደንብ አያውቁበትም አለው በእንግሊዝኛ። ቃል በቃል ገባኝ። ቆቤን አድርጌ ወጣሁ። ነገሩን እንደማልተወው ያወቅሁት ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

የአጠቃቀም ውላቸው አሥራ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላቴን ይዤ በሦስት ሳምንት ወደ አማርኛ መለስኩት። የሌላ ሰው ስልክ ይዞ መሄድ ክልክል ነው የሚል አለበት፤ አልክድም። ግን ለሽልማቱ የጠሩን በአማርኛ፣ የከለከሉን በእንግሊዝኛ ነው። ደግሞም ኩባንያው ለሽልማት የሚያስፈልገውን ነጥብ ሳይናገር በፈለገ ጊዜ ከፍ ማድረግ ይችላል ይላል። ይህንን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት።

የኩባንያው ሰዎች እሑድ እሑድ እንጦጦ መንገድ ላይ ድንኳን ተክለው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ካናቴራ እየሰጡ ሰው ይመዘግባሉ። ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውሉን ለተሰለፈው ሰው አነብ ጀመር። ለላምበረት መናኸሪያ ተሸካሚዎችም አነበብኩላቸው። አፑን ማጥፋት የማያውቅ ካለ በዚህችው ጣቴ አጠፋሁለት። ሰው የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ የተባለው እንዳይቀየርበት፣ ሲበደል ደግሞ ማሽን ሳይሆን ሰው እንዲያናግረው ነው። ይህንን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከሁለት ወር በኋላ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ቤቴን ጠይቆ መጣ።

«አባባ፣ ሰው እየሸሸብን ነው። እባክዎ ይተዉን።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ያነበብኩት አንተ የጻፍከውን ነው።»

«ነጥባችሁን በሙሉ እንመልሳለን።»

«ነጥብ ያንተው ይሁን። የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው፤ የምታነሳውም በሰው ፊት ነው። እሑድ የእድር ስብሰባ አለን።»

አጀንዳ የማወጣው እኔ ነኝ። እሱን መጨረሻ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ አስገባሁት። ስለ እድሩ ድንኳን መቀደድ፣ ቀብር ላይ ስለሚያረፍዱ ሰዎች፣ ስለጠፉት ሁለት የድስት ክዳኖች ስንነጋገር ከጠባቡ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በክዳኖቹ ጉዳይ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨቃጨቅን፤ ብዙ አስተያየት እንዲሰጥ ያበረታታሁት እኔ ነበርኩ። በየጊዜው ያየኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ተራው ሲደርስ ተነሣ። «እኚህ አባት አላጭበረበሩም» አለ። «በአማርኛ ያልነገርናችሁ እኛ ነን። ይቅርታ።»

ባለሱቋ «ካርዱስ?» አለችው።

«ዛሬውኑ ይገባል።»

«እሺ፣ ሲገባ አፑን አጠፋዋለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የአሁኑ ሳቅ በእሱ ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «በል ይቅር ተባባሉ ብለህ ጻፍ» አለኝ። ወጣቱም እጁን ዘረጋ። እኔ ብዕር ይዤ ነበር፣ አልጨበጥኩትም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአባላት ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ» ብዬ ጻፍኩና «ይቅር ተባባሉ» የሚለውን ሳልጨምር አቆምኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሚያስተካክል ስላልነበረ ሁሉም ፈረሙበት።